በሠፈራ መንደር የጓሮ በርበሬ፦ አተካከሉ፣ አለቃቀሙና ለጎረቤት የሚተርፈው

በድርቅ ለተጎዳ ቤተሰብ የሚታደል ቀለብ ሲታቀድ በቅድሚያ የሚነሣው እህል ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል የሚለው መጠን በአገራችን የዕርዳታ ሥራ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ መለኪያ ሲሆን፣ አቅርቦቱ በሚፈቅድበት ወቅት ጥራጥሬና የምግብ ዘይት ይታከልበታል። በርበሬ በዚህ መደበኛ ዝርዝር ውስጥ የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰውን ከረኃብ የሚያድነው እህሉ እንጂ በርበሬው አይደለም፤ በዚህ ረገድ ዝርዝሩን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ሊወቀሱ አይገባም።

ይሁን እንጂ እህሉን ተቀብላ ወደ ቤቷ የተመለሰችው እናት የሚገጥማት ጥያቄ ሌላ ነው። ስንዴው ወይም በቆሎው ተፈጭቶ እንጀራ ወይም ቂጣ ከሆነ በኋላ በምን ይበላል? ለወፍጮ፣ ለጨውና ለበርበሬ የሚሆን ገንዘብ በእጇ ስለሌለ ከተቀበለችው እህል ከፍላ ወደ ገበያ ታወጣለች። የእደላው ሰሞን የእህል ዋጋ ዝቅ የሚልበት ጊዜ በመሆኑ እህሉን በርካሽ ትሸጣለች፤ በርበሬውን ግን ከቸርቻሪ በትንሽ በትንሹ እያሰፈረች በውድ ትገዛለች። እንዲህ ያለውን ሽያጭ የዕርዳታ እህልን ያለአግባብ እንደ ማባከን አድርጎ የሚቆጥር ሠራተኛ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ቤተሰቡ እህሉን የሚሸጠው ስለተረፈው ሳይሆን፣ እህል ብቻውን ምግብ ስለማይሆንለት ነው።

ይህን ወጪ በከፊል ሊያስቀር የሚችለው ከቤቱ ጀርባ ያለው ቁራሽ መሬት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው መግለጫ የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ሲሆን፣ በተለይ በሠፈራ መንደሮችና ከድርቅ በኋላ ወደ ቀያቸው በተመለሱ ገበሬዎች አካባቢ ለሚሠሩ ኃላፊዎችና የዕርዳታ ሠራተኞች ይጠቅማል ተብሎ ይታመናል።

የጓሮው ታሪክ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ከፋና በጎጃም ወደ መተከል ተጓጉዘው እንዲሰፍሩ መደረጉ ይታወቃል። ዘመቻው በጥድፊያ የተካሄደ በመሆኑ ያለፈቃዳቸው የተወሰዱ፣ ከቤተሰባቸው የተለያዩና በማያውቁት ቆላ በወባና በሌሎች በሽታዎች የሞቱ ብዙዎች ናቸው። ሠፈራው መደበኛና ስግሰጋ ተብሎ በሁለት የተከፈለ ነበር። በስግሰጋው ሠፋሪዎቹ በነባሩ ገበሬ መካከል በትንሽ በትንሹ ተበታትነው ተቀመጡ። በመደበኛው ግን በአብዛኛው 500 አባወራ የሚይዙ አዳዲስ መንደሮች ተመሠረቱ፤ በፓዌ እነዚህ መንደሮች ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ።

በመደበኛው ሠፈራ ዋናው እርሻ የጋራ ነበር። ምርቱ በሥራ ነጥብ ይከፋፈላል፤ ገበሬውም መቼና ምን እንደሚዘራ የሚወስነው ራሱ አልነበረም። ለአባወራው በግሉ የቀረለት ብዙውን ጊዜ ከአንድ አሥረኛ ሄክታር የማይበልጥ የጓሮ መሬት ነው። በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ ሠፋሪው የተከለው በራሱ ፈቃድ ነው፤ ያፈራውም የራሱ ነው። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ተለውጦ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲፈርሱ የጋራው ማሳ ተከፋፈለ እንጂ ጓሮው የሚከፋፈል ነገር አልነበረበትም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በየክልሉ ውስጥ 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር በወጣው ዕቅድ ለአንድ አባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬት እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። በዚህም ጊዜ ቢሆን የዕቅዱ ትኩረት በማሳውና በበሬው ላይ ነበር።

በርበሬ በዚህ አገር ከጤፍና ከማሽላ ጋር አብሮ የኖረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ተክሉ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ ወደ አፍሪካ የተሠራጨው ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኋላ ነው። ከወጣ ያለ እንግዳ ተክል በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ያለ እርሱ ወጥ የማይታሰብ ሆኖ መገኘቱ በራሱ የሚደንቅ ነው። ዛሬ በሐላባ፣ በማረቆ፣ በስልጤ፣ በምዕራብ ጎጃም በቡሬና በአካባቢው፣ እንዲሁም በባኮ ዙሪያ ለገበያ በሰፊው ይመረታል። ማረቆ ፋናና የባኮ አካባቢ ዝርያ በገበሬው ዘንድ በደንብ የታወቁ ናቸው።

ስለ ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው በርበሬ እንደ በቆሎ ዝናብ ሲጥል በቀጥታ የሚዘራ አለመሆኑ ነው። በችግኝ መደብ ላይ ከ45 እስከ 60 ቀን መቆየት አለበት። ስለሆነም በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ወደ ጓሮው እንዲዛወር ከተፈለገ ዘሩ በሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ መደብ ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ ከዚያም በፊት፣ ማለትም ቢዘገይ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ በገበሬው እጅ መድረስ አለበት። የዘር ዕርዳታ ብዙውን ጊዜ በአንድነት ተጭኖ ከበቆሎውና ከማሽላው ጋር ዝናቡ ሲቃረብ የሚደርስ በመሆኑ፣ የበርበሬ ዘር አብሮ ቢኖርበት እንኳ ለዚያ ዓመት አይጠቅምም። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በሚያዝያ ወር በእደላ ሥራ ተጠምዶ እንደሚውል ግልጽ ነው። ይህ ተክል በዕቅድ ውስጥ ሳይገባ የሚቀረው ሥራው ከባድ ሆኖ ሳይሆን፣ ጊዜው ከሥራው ብዛት ጋር ስለሚጋጭ ነው።

የሚፈለገው ዘር ግን እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ግራም የበርበሬ ዘር 150 ያህል ፍሬ ይይዛል። አንድ ቤተሰብ 400 እግር ችግኝ በ70 ሴንቲ ሜትር የመስመርና በ30 ሴንቲ ሜትር የተክል ርቀት ቢተክል የሚወስደው መሬት 84 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም ከአንድ አሥረኛ ሄክታር ጓሮ ከአሥራ ሁለት አንድ እጅ ገደማ መሆኑ ነው። 500 አባወራ ላለው መንደር 200,000 ችግኝ ያስፈልጋል። ከተዘራው ዘር ግማሹ ብቻ ለችግኝነት ይበቃል ተብሎ ቢገመት እንኳ ለመንደሩ በሙሉ 3 ኪሎ ግራም ያህል ዘር ይበቃዋል። ለአንድ መንደር እህል የሚያመላልሱት ከባድ መኪናዎች ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ የመጓጓዣ ኃላፊ ይህን ጭነት በእጅ ቦርሳው ሊይዘው ይችላል።

መደቡና ውኃው

ችግኝ የሚፈላበት መደብ አንድ ሜትር ስፋትና አሥር ሜትር ርዝመት ቢኖረው ለሥራ ያመቻል፤ ሰው በሁለቱም ወገን ቆሞ ሳይረግጠው ሊያርመው ይችላልና። አፈሩ በደንብ ይለሰልሳል፣ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበታል፣ በመስመርና በመስመር መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ዘሩ በአንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራል፤ ከዚያም በሣር ጉዝጓዝ ይሸፈናል። ቡቃያው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ሲል ጉዝጓዙ ተነሥቶ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የሣር ዳስ ይሠራለታል። ተጠጋግቶ የበቀለው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ርቀት እንዲኖረው መሳሳት አለበት። ይህን ማድረግ ለብዙ ሰው ይከብደዋል፤ የበቀለን ቡቃያ መንቀል እንደ ጥፋት ይታያልና። ሳይሳሳ የቀረ መደብ ግን ቀጫጫ ችግኝ ከማስገኘቱም በላይ እርጥበት እየታፈነ የቡቃያው ግንድ ከአፈሩ ጥግ በስብሶ ይወድቃል፤ በአንድ ሌሊት የመደቡ ግማሽ ተኝቶ ሊያድር ይችላል።

የዚህ ሥራ ዋናው ሸክም ውኃ ነው። አሥር ካሬ ሜትር መደብ በበጋው ፀሐይ በቀን 50 ሊትር ገደማ ውኃ ይፈልጋል፤ ይህም ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ነው። ውኃ ከሩቅ ምንጭ በሴቶች ጀርባ በሚመጣበት መንደር አንዲት እናት ለሃምሳ ቀን በየዕለቱ ሁለት ጀሪካን ለበርበሬ ጨምራ ትሸከም ማለት ሥራውን ገና ሳይጀመር እንደ መተው ይቆጠራል። በሌላ በኩል የተጠቀሰው መደብ ከ1,700 እስከ 1,800 ችግኝ ያወጣል፤ ይህም ለአራት ቤተሰብ በቂ ሆኖ ከመቶ በላይ የሚተርፍ ነው። አራት ጎረቤታሞች በአንድ መደብ ቢጣመሩ እያንዳንዱ ቤት ውኃ የሚቀዳው በአራት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። በመሆኑም ለእያንዳንዱ አባወራ የዘር ከረጢት ከማደል ይልቅ በሠፈር አራት አራት ቤት አጣምሮ መስጠቱ የተሻለ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር መወሰን ግን ለነዋሪዎቹ መተው አለበት። በመዝገብ ቁጥር ቅደም ተከተል የተጣመሩ ሰዎች መደቡን ማን ያጠጣ እየተባባሉ ሊያደርቁት ይችላሉ፤ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤታሞች ግን ተራውን ራሳቸው ያውቁታል።

ችግኙ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለመዛወር ዝግጁ ነው። ከመዛወሩ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ዳሱ ቀስ በቀስ ይነሣል፣ ውኃውም ይቀነሳል፤ ችግኙ እንዲጠነክር ነው። የሚተከለው ደመናማ በሆነ ቀን ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። በርበሬ ውኃ የሚጠላው በዚህ ጊዜ ነው፤ በቆላው ሠፈራ ጥቁር አፈር ላይ ውኃ ተኝቶ የዋለበት ተክል ሥሩ ይበሰብሳል፣ ከዚያም በአጠውልግ በሽታ በቁሙ ይደርቃል። መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ አስቀድሞ መስመሩን ከፍ አድርጎ በትልም ላይ መትከል፣ በኋላም አፈር ማስታቀፍ ይሻላል። ባለፈው ዓመት ቲማቲም፣ ድንች ወይም በርበሬው ራሱ በነበረበት ቦታ ላይ አለመትከልም በሽታውን ይቀንሳል። በምዕራብ ወለጋ ምስጥ፣ በሌላውም አካባቢ ፍሬውን የሚበሳው ጓይ ትል ያስቸግራሉ።

ለሠፋሪው የሚጠቅም አንድ ጠባይም አለው። በደን ዳር በተቆረቆሩት የምዕራብ ሠፈራዎች በቆሎን ከማሳ የሚያጠፉት ዝንጀሮና ከርከሮ ናቸው። ማቃጠሉ እንስሳትን ስለሚያርቅ በርበሬን በአብዛኛው አይነኩትም። ወፎች ግን የማቃጠሉ ስሜት አይታወቃቸውም፤ ቀይ ፍሬ ሲያዩ ይለቅማሉ።

ቃሪያውና ዛላው

በሐምሌ መጀመሪያ የተተከለ በርበሬ በጳጉሜንና በመስከረም ቃሪያ ማፍራት ይጀምራል። ይህ ወቅት የዱሮው እህል ያለቀበት፣ አዲሱ በቆሎ ገና እሸት የሆነበት ነው። በዚህ ጊዜ ከጓሮ የሚቀጠፍ ቃሪያ ለቤቱ ማባያ፣ ለገበያውም የመጀመሪያ ሳንቲም ማግኛ ይሆናል።

የቃሪያው ጥቅም በጣዕም ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በምሥራቅ ሱዳን፣ በሶማሊያና በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐርትሼክ በነበሩት የስደተኞች መጠለያዎች ድድን የሚያደማና መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ ስከርቪ የተባለ በሽታ ታይቷል። ምክንያቱ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ የሌለበት የእህል፣ የጥራጥሬና የዘይት ቀለብ ለወራት ብቻውን መበላቱ፣ በዚህም የተነሣ ቫይታሚን ሲ መጥፋቱ ነበር። መቶ ግራም ጥሬ ቃሪያ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ሲኖረው፣ ለአንድ አዋቂ በቀን 45 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃዋል። ሁለት መካከለኛ ቃሪያ የቀኑን ፍላጎት አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል ማለት ነው። በርበሬው ቀልቶ በፀሐይ ሲደርቅ ግን ይህ ቫይታሚን በአብዛኛው ይጠፋል፤ ለቫይታሚን ኤ መገኛ የሚሆነው ቀዩ ቀለም ይቀራል። ትንንሽ ልጆች ቃሪያን ሊበሉ ስለማይችሉ ለእነርሱ ጎመንና ዱባ በዚያው ጓሮ መኖር አለባቸው፤ በርበሬ ይህን ቦታ አይተካም።

ቃሪያው በብዛት በተቀጠፈ ቁጥር ለዛላ የሚቀረው ያንሳል። ቤተሰቡ በመስከረም ምን ያህል እንደሚቸግረው የሚያውቀው ራሱ ስለሆነ፣ ስንቱን በቃሪያነት ስንቱን በዛላነት ይጠቀም የሚለውን ከውጭ መወሰን አይገባም።

ቀዩ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ በየሁለት ሳምንቱ ይለቀማል። ፍሬው ሙሉ በሙሉ ከቀላና በተክሉ ላይ እንዳለ መጨማደድ ከጀመረ በኋላ፣ ቅርንጫፉ እንዳይሰበር በጥንቃቄ ከነእንጨቱ ይቀጠፋል። ግማሹ አረንጓዴ የሆነ ፍሬ ሲደርቅ ነጣ ብሎ ይቀራል፤ ገበያም ዋጋውን ይጥልበታል። የሚሰጣው በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ወይም በቆጥ ላይ ነው፤ ሲመሽ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል። ይህ ለውበት የሚደረግ አይደለም። በእርጥብ መሬት ላይ የደረቀ ወይም ሳይደርቅ በጆንያ የታጨቀ በርበሬ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይፈጥራል፤ መርዙ ደግሞ በመቁላላት አይጠፋም። አንዳንድ ነጋዴዎች ዛላው በጭነት እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ የመርጨት ልማድ አላቸው። ከጓሮው የሚበላ ቤተሰብ ከዚህ ቢያንስ ራሱን ያድናል። ዛላው ሲነቀነቅ ዘሩ ውስጡ ካንኳኳ ለጎተራ ደርሷል።

ማረቆ ፋና በምርምር ጣቢያ በጥሩ እንክብካቤ ከአንድ ሄክታር ከ15 እስከ 20 ኩንታል ደረቅ ዛላ ይሰጣል። የሠፋሪው ጓሮ የዝቅተኛውን ግማሽ ብቻ ቢያስገኝ ከ400 እግር 6 ኪሎ ግራም ይገኛል። አንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 15 ግራም ያህል በርበሬ እንደሚመገብ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ በዚህ ስሌት 6 ኪሎው ለባልና ለሚስት 200 ቀን ይበቃል። ባለጸጋ የሚያደርግ ምርት አይደለም። ነገር ግን ለዚያን ያህል ጊዜ ከቀለቡ እህል ለበርበሬ ተብሎ አይሸጥም።

ለጎረቤት የሚተርፈው

ዛላውን ወደ በርበሬ ዱቄት መለወጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። እንጨቱ ይቀነጠሳል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፤ ታፍኖ ይቆይና እንደገና ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ኮረሪማውና አዝሙዱ ተጨምሮ ይፈጫል። ለዚህ ሥራ ሴቶች በየተራ በአንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ። ሙቀጫ ያላት ሙቀጫዋን፣ ጉልበት ያላት ጉልበቷን ታመጣለች፤ ስትሄድም ከተደለዘው በትንሽ ዕቃ ይዛ ትሄዳለች። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና። በ1977 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አውራጃ ተጭነው በአንድ መንደር ለተጣሉ፣ እርስ በርስ ለማይተዋወቁ ሰዎች እንዲህ ያለው መሰባሰብ ጉርብትናን የሚያስጀምር ነገር ነው። በከፋና በአካባቢው ኮረሪማ የሚያበቅለው ነባር ገበሬ ስለሆነ፣ ዛላ ያለው ሠፋሪ የሚለዋወጠው ነገር ይዞ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ስንዴ ለመለመን ከመሄድ ይህ የተለየ ነው።

ጓሮ የማትቆፍር አቅመ ደካማ፣ አራስ ወይም በሽተኛ ያለባት ቤት ድርሻዋን የምታገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ከመደቡ የሚተርፈው መቶ ችግኝም በደጃፏ ቢተከልላት የሚያጠጣት ዝናቡ ነው። በደቦ ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

በአስተዳደር በኩል ሊታረም የሚገባው አንድ ችግር አለ። ጓሮው ለምቶ የታየ ቤተሰብ ከተረጂዎች መዝገብ ይሰረዛል የሚል ወሬ በመንደር ከተናፈሰ ማንም ሰው በይፋ አይተክልም። ስድስት ኪሎ ዛላ የአንድ ወር እህል እንኳ የማይተካ ስለሆነ፣ መዝጋቢው ጓሮውን ሲያይ እንደ ገቢ ሳይቆጥረው ማለፍ ይኖርበታል፤ ይህንንም ተክሉ ከመጀመሩ በፊት በሕዝብ ስብሰባ ላይ በግልጽ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ የተገላቢጦሹ ስሕተት ነው። በርበሬ በአንድ ዓመት ዋጋው ስለተወደደ ጓሮውንም ማሳውንም በበርበሬ እንዲሸፍን ገበሬውን መገፋፋት፣ አጠውልግ ወይም የዋጋ ውድቀት በመጣ ጊዜ ቤተሰቡን ወደ እደላው ሰልፍ ይመልሰዋል።

የዕርዳታ ዘር መሰጠት ያለበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በኅዳር ወር፣ ጤናማ ከሆነ ተክል፣ በመካከለኛው ቅርንጫፍ ላይ ካፈሩት ፍሬዎች ቀጥ ያሉትንና ሙሉ በሙሉ የቀሉትን ሃያ ያህል ዛላ መርጦ ለብቻ ማድረቅ ለአራቱ ቤት የሚቀጥለው ዓመት መደብ ከበቂ በላይ ዘር ያስገኛል። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ዘር ሁለት ዓመት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ስለዚህ አንድ ክረምት ዝናቡ ቢቀር እንኳ የሚቀጥለው ሚያዝያ ዘር ይኖራል። ከአራቱ ቤት ዘሩ በአንዱ ብቻ እንዳይቀመጥ ማሳሰብ ተገቢ ነው። ቤት ይቃጠላል፣ አይጥም ይገባል፤ ችግር በጸና ጊዜም ለዘር የተቀመጠው ዛላ ከነዘሩ ተፈጭቶ ይበላል።